«ምች»ን ማን ይተርጉመው?

በካርቱም ክሊኒኮች ለወገኖቹ ያስተረጎመ ሁሉ «ምች መታኝ» ሲባል ሳይቸገር አልቀረም። «ደርበት ሸምስ» ብሎ ወደ ዐረብኛ ቢመልሰው መምታቱ ይተርፋል፤ ሕመሙ ግን ይጠፋል። ያኛው ሐሩር የጣለው ሰው ነው፤ የእኛ ምች ትኩሳትን፣ ራስ ምታትን፣ ላብንና የከንፈር ቁስልን በአንድ ያሰረ ስም ነው። ስሙ ከተጠራ መድኃኒቱም ተጠርቷል፦ ዳማ ከሴ ታሽቶ ጭማቂው ይጠጣል፣ ገላም ይቀባል።

ምርመራና ፈውስ እንዲህ የተቆራኙበትን የምልክቶች ስብስብ ጃፓኖች በካምፖ ሕክምናቸው «ሾ» ይሉታል። ብርድ የመታው ሰው አንገቱ ገትሮት ላብ እንቢ ካለው «ካኮንቶ» ይታዘዝለታል፤ የሚያልበው ከሆነ «ኬይሺቶ»። የሜጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1883 የሐኪምነትን ፈቃድ በምዕራባዊው ሕክምና ፈተና ላይ ቢመሠርትም፣ ካምፖ አልጠፋም፤ በ1976 በብሔራዊ የጤና መድን ውስጥ በሰፊው ገባ።

የእኛዎቹን የመድኃኒት መጻሕፍት ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 በዋርሶ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትሟቸዋል። ትልቅ ውለታ ነው። ምች ግን ከብራናው ይልቅ በጓሮና በእናቶች እጅ የኖረ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ በሐኪም ፊት «ምች»ን እንዳለ ትቼ ምልክቶቹን መዘርዘርን፣ የተጠጣውንም መናገርን እመርጣለሁ፤ ትኩሳቱ ወባ ሊሆን ይችላልና፣ የደም ምርመራው መቅረት የለበትም።