ሞግዚቱ ፕሮቲን ከዘነበወርቅ እስከ ቦሌ

ከባቻችን ብዙዎቻችን ዛሬ ከቦሌ እስከ ገርጂና ሲ.ኤም.ሲ. ተበትነናል። በየሰፈራችን መድኃኒት ቤት ለአስም፣ ለአለርጂ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ታዞ የሚሸጠውን ፕሪድኒሶሎን የማያውቅ የለም። እኔ ኪኒኑን ሳየው ትዝ የሚለኝ ግን የከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ዘነበወርቅ ነው።

እዚያ ከአለርት ሆስፒታል ጎን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። የሥጋ ደዌን ክፉ የሚያደርገው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ በድንገት ተቆጥቶ የራሱን ነርቭ ሲያቃጥል እጅ ይዝላል፣ ዓይን አልከደን ይላል። ያን ቁጣ የሚያበርደው ፕሪድኒሶሎን ነው።

እንዴት? መድኃኒቱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ከተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ተቀባዩም ወደ ኒውክሊየስ ዘልቆ የአንዳንድ ጂኖችን ትራንስክሪፕሽን ያስነሳል፣ የቁጣውን ጂኖች ደግሞ ዝም ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራ ያልጀመረውን ተቀባይ አቅፎ የያዘው ኤችኤስፒ90፣ ማለትም ሙቀት ሲበረታ የሚበዛ ሞግዚት ፕሮቲን፣ መሆኑ ታወቀ። መጀመሪያ ላይ ብዙዎች እንደ እስር ቤት ጠባቂ ቆጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1990 ግን በእርሾ ሕዋስ ውስጥ ኤችኤስፒ90 ሲቀነስ ተቀባዩ ነፃ መውጣት ቀርቶ ሥራው ደከመ። ለካ ሞግዚቱ ቅርጹን ጠብቆ፣ ሆርሞን ለመቀበል ዝግጁ አድርጎ ነው የሚያቆየው! ለኔ ከዘርፉ ታሪክ ይሄን የሚያህል ደስ የሚል መገልበጥ የለም።

ባክቴሪያውም የራሱ ሞግዚቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1988 የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን ላይ መከላከያችን ከሚያነጣጥርባቸው ፕሮቲኖች ብዙዎቹ የዚሁ ቤተሰብ መሆናቸው ታተመ። ያ ግን ሌላ ምዕራፍ ነው።

ችግሩ ተቀባዩም ሞግዚቱም ከሞላ ጎደል በሁሉም ሕዋስ መኖራቸው ነው። ኪኒኑ ነርቭ ዘንድ ያለውን ቁጣ ሲያበርድ የአጥንትን፣ የስኳርን፣ የኢንፌክሽን መከላከያን ጂኖችም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአለርት ጥናት፣ ተደጋጋሚ የሥጋ ደዌ ቁጣ ከነበራቸው ሕሙማን መካከል ለሞቱት ሰዎች የረጅም ጊዜ ስቴሮይድ አስተዋጽኦ እንደነበረው አሳይቷል። የሚታከመው በሽታ ራሱ እምብዛም የማይገድል ነው።

ስለዚህ እዚያው አለርት ሳይክሎስፖሪንን ጨምሮ ሌሎች መድኃኒቶች ተሞክረዋል። ዛሬም ግን ዋናው ፕሪድኒሶሎን ነው፤ ሐኪሙም መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ ነርቩን በጣቱ እየዳሰሰ ይከታተላል።