ከፋሲካ ማግስት የሞተው ውሻ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ታማኝነት የተባለ ነው። ውሻው የበላው ምን እንደሆነ፣ ይስማማውስ እንደሆነ ግን ተረቱ አይጠይቅም። እኔም ብዙ ዘመን አልጠየቅሁም።

ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብሎ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። አያቴ እዚያ ትኖራለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ መከታ የሚሉት ቡናማ ውሻ ነበራት። ቀን እንደ ድመት ተጠቅልሎ ሲያንቀላፋ ውሎ፣ ሌሊት የሽንኩርት ማሳ ይጠብቃል። በዚያ ዓመት ፋሲካ እሑድና ሰኞ ጠግቦ በላ። ረቡዕ ምግብ አልነካም። ሲቆም ይንገዳገዳል፤ ድዱ እንደ ጥጥ ነጥቷል፤ ሽንቱ የቡና አተላ መስሏል። ሐሙስ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። «የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መሰለ እኮ» አለች አያቴ። ዓርብ ማለዳ ከማጀቱ ጀርባ ሞቶ አገኘነው።

ሰፈሩ ለመፍረድ አልዘገየም፤ «አብልተውታል» ተባለ። ያበላው ማን እንደሆነም ታወቀ። መከታ በሁዳዴ ጾም ወራት የአንድ ጎረቤታችንን ፍየል ነክሶ ነበር። እኚያ አዛውንት በሬሳው ላይ ሰው እንደ ተሰበሰበ መጥተው «እኅቴ፣ ወላሂ እጄ የለበትም» አሏት። አያቴ ሰፌዷን ማንገዋለሏን አላቆመችም፤ ቀና ብላም አላየቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ ቤቶች መካከል ቡና መጠራራት ቀረ። ይፋት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ጀበና ዙሪያ የሚቀመጥበት አገር ነው፤ ቡና መጠራራት ሲቀር ምን እንደሚቀር ያገሩ ሰው ያውቀዋል። ሰውዬው ከዓመታት በኋላ ሲሞቱ አያቴ ለቅሶ ደረሰች። ዳር ላይ ቆማ ተመለሰች።

ውሻ በድንገት ሲሞት ሰው ሁሉ መርዝ የሚያስበው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተሞቻችን ባለቤት አልባ ውሾችን በስትሪክኒን በተለወሰ ሥጋ መግደል የቆየ ልማድ ነበር፤ በሌሊት ተበትኖ ያደረውን ሥጋ ባለቤት ያለውም የሌለውም ይበላዋል፤ ሲነጋ ሬሳ በየመንገዱ ይለቀማል። ስትሪክኒንን እ.ኤ.አ. በ1818 ከአንድ የእስያ ዛፍ ፍሬ ለይተው ያወጡት ፔልቲዬ እና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ኪኒንን አወጡ። የወባ አገር ልጅ ነኝና ለሁለተኛው ሥራቸው ባለ ዕዳ ነኝ፤ የመጀመሪያው ግን ሳይሠራው የቀረ ሰውን ስም አስጠፍቷል ብዬ አስባለሁ። ስትሪክኒን አይታገሥምና። የበላው ውሻ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አካሉ እንደ እንጨት ይገተራል፤ ድምፅ በሰማ፣ እጅ በነካው ቁጥር ይንዘፈዘፋል፤ ትንፋሹም ተቆልፎ ይሞታል። መከታ ግን አልተገተረም፤ አልተንዘፈዘፈም። ቀስ እያለ ለቀናት ደከመ እንጂ።

ይህንን ልዩነት ያስተዋልሁት ብዙ ዘግይቼ ነው። አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ፣ ቡችላ ላሳድግ ነው ብዬ ብነግረው፣ «ወጥ እንዳትሰጠው» አለኝ። ቅመሙ ያቃጥለዋል ለማለት መስሎኝ ነበር። «በርበሬውን አይደለም፤ ሽንኩርቱን ነው» አለ። ያን ዕለት ማታ የመከታ ድድ ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። እ.ኤ.አ. በ1890 ሮበርት ሄንዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በተመረዘ ደም ውስጥ፣ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የተለጠፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን አየ፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። በ1909 ሽንኩርት የበሉ ከብቶች መመረዛቸው ተጻፈ። በ1930 ደግሞ ዊልያም ሰብሬል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሽንኩርት የተመገቡ ውሾች ደም እንደሚያልቅባቸው የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተመ። ሰብሬል ከጆሴፍ ጎልድበርገር ጋር የሠራ ሰው ነው። ጎልድበርገር በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ድሆችን ይፈጅ የነበረው ፔላግራ ከበቆሎ ብቻ ከሆነ ምግብ የሚመጣ መሆኑን ለማስረዳት ሲደክም የኖረ ነው፤ እርሱና ባልደረቦቹ የድሆቹን ገበታ ለውሾች እያቀረቡ «ጥቁር ምላስ» የሚባለው የውሻ በሽታ የፔላግራ ወንድም መሆኑን አሳዩ። ሰው ምን እንደሚጎዳው ለማወቅ ውሻ የሰው ምግብ በላ። ለራሱ ለውሻው የሚጎዳውም በዚያው ዘመን ታወቀ፤ ጀውሃ ግን አልደረሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይናችንን የሚያስለቅሰን የሽንኩርት ጠባይ ከድኝ ውሑዶች የሚመጣ ነው። ከእነዚህ የሚወጡት ንጥረ ነገሮች በውሻ ደም ውስጥ ሲገቡ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ያበላሹታል፤ የተበላሸው ሄንዝ ያየው ነጠብጣብ ይሆናል፤ ሕዋሱ ወይ ይፈነዳል ወይ ጣፊያ ጠርጎ ይጥለዋል። ድዱ የሚነጣው፣ ሽንቱ የሚጠቁረው፣ ዓይኑም ቢጫ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ምልክቱም የሚታየው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ነጭ ሽንኩርትም ከዚሁ ወገን ነው። መቀቀልም ሆነ ማድረቅ መርዙን አያጠፋውም። (የጃፓኖቹ አኪታና ሺባ በተፈጥሯቸው ከሌላው ውሻ ይልቅ ይጎዳሉ፤ ድመት ደግሞ ከውሻም ትብሳለች።)

የእኛን አገር ታሪክ የሚመለከተው ክፍል እዚህ ላይ ነው። ሽንኩርት ጥንታዊ ምግብ ነው፤ በኦሪት ዘኍልቍ እስራኤላውያን በምድረ በዳ የናፈቁት አንዱ እርሱ ነበር። ወደ ሸዋ ቤት ድስት ግን ለረጅም ዘመን የገባው ትንሹ ያበሻ ሽንኩርት ነው፤ ልጡ ብዙ፣ ሥጋው ጥቂት፣ ለመላጥ አድካሚ። ትልቁ ሽንኩርት የገነነው ኋላ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመልካሳ የእርሻ ምርምር «አዳማ ቀይ» እና «ቦምቤ ቀይ» የተባሉት ዝርያዎች ከወጡ ወዲህ፣ መስኖ ያለበት ቆላ ሁሉ ሽንኩርት ሆነ። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ዳርም እንዲሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ አይሱዙ መኪኖች ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ሽንኩርት ተጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ከተማው በሙሉ ይሸት ነበር። ለገበያ የማይሆነው፣ የተመታውና የበቀለው፣ እቤት ይቀራል። ቁሌቱም በዚያው ልክ ወፈረ ባይ ነኝ። የታሪክ ጸሐፍት ጌቶች የበሉትን ይመዘግባሉ፤ ለውሻ በገል የተደፋለትን ማን ይመዘግባል? የአያቴ እናት ውሻ የማሽላ እንጀራ ቁራሽ በልቶ ያደረ ይመስለኛል። የአያቴ ውሻ ቁሌት በላ።

ሒሳብ የዕለት እንጀራዬ ነውና ላስላው። ለአንድ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የሚከትፍ ቤት ብርቅ አይደለም። በዚያ ፋሲካ ሁለት ዶሮ ታርዷል፤ አራት ኪሎ ሽንኩርት እንበል። ከድስቱ ሥርና ከየሳህኑ የተጠረገው አንድ አሥረኛው ቢሆን 400 ግራም ነው። ለውሻ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል ይላሉ ሐኪሞች። መከታ ቢበዛ 18 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ለእርሱ 270 ግራም በቂ ነበር።

ወዳጄ ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ቆላ ነው፤ መዥገር አለ፤ መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤዢያ የሚባል ተሐዋሲም ደም ያፈርሳል፣ ሽንት ያጠቁራል አለኝ። ልክ ነው፤ ያለ ምርመራ አይለይም። ሽንኩርት ይሁን መዥገር ግን፣ ከሁለቱ አንዱም ከጎረቤታችን እጅ የወጣ ሥጋ አይደለም።

ሌላም ሌላም አለ፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚኮፈሰውና አልኮል የሚሆነው ሊጥ፣ የጠላ አተላ፣ የቡና ዝቃጭ፣ ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ ተቀቅሎ የሚሰነጠር የዶሮ አጥንት። እነዚህን ለየአንዳንዳቸው መዘርዘር የሐኪም ሥራ ነው። በጾም ቀን ሽሮ ለውሻ ንጹሕ ምግብ የሚመስለው ሰው ግን ሽሮውም በርበሬውም ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት እንደሚገባበት ያስታውስ።

ባለፈው ዓመት በትንሣኤ ሰሞን ጀውሃ ወርጄ ለአያቴ ነገርኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን ደኅና ነው። ስለ ሄንዝም ስለ ሰብሬልም አላወራሁም፤ ስለ ድዱ፣ ስለ ሽንቱና ስለ ቀኑ ብቻ ነገርኋት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። መቋሚያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ በጣቷ ቀን ትቆጥራለች፤ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ…

«ድስቱን የጠረግሁለት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «‹ዓመት በዓል ነው፣ እርሱም ይቅመስ› ብዬ።»

ከዚያም የእኚያ ጎረቤታችን ሚስት አሁንም እዚያው ቤት እንዳሉ ጠየቀችኝ። ሸዋ ሮቢት ልጃቸው ዘንድ እንደሆኑ ነገርኋት። ነገ የሚሄድ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ አጣርቼ እንድመጣ ላከችኝ፤ ስመለስ ቡናው ተለቅሞ በሰፌድ ላይ ተቀምጦ ነበር።