የአገልግሎት ንግድ እና ታዳጊ አገሮች

የአገልግሎት ንግድ የሚባለው የባንክ፣ የትራንስፖርት፣ የቱሪዝም፣ የሕክምና ወይም የሶፍትዌር ሥራ ለውጭ አገር ተገልጋይ ሲሸጥ ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1995 ከዓለም ንግድ ድርጅት ጋር ሥራ ላይ የዋለው የአገልግሎት ንግድ አጠቃላይ ስምምነት ሲሆን፣ አቅርቦቱን በአራት በሮች ይከፍለዋል፦ አገልግሎቱ ራሱ ድንበር ሲሻገር፣ ተገልጋዩ ወደ አቅራቢው ሲሄድ፣ ኩባንያ ውጭ አገር ቅርንጫፍ ሲከፍት እና ባለሙያ ለጊዜው ሲጓዝ። ሚዛኑ ግን ያዘነበለ ነው። የበለጸጉት አገሮች አጥብቀው የተደራደሩት ባንክና ቴሌኮም ስለሚገቡበት ሦስተኛው በር ነው፤ ታዳጊዎቹ ብዙ ሰው ሊልኩበት የሚችሉት አራተኛው በር ግን በቪዛ ታጥሯል። አሜሪካ ለልዩ ሙያ ባለቤቶች በስምምነቱ የገባችው ግዴታ ለመላው ዓለም በዓመት 65,000 ሰው ብቻ ነው።

ህንድ ሶፍትዌርን በኢንተርኔት እየሸጠች ገበያውን ይዛ የለም ወይ የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ሆኖም የባንጋሎር ኩባንያም ቢሆን የደንበኛውን አሠራር ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያጠና መሐንዲስ መላክ ያስፈልገዋል፤ ነርስ ደግሞ ሥራዋን በኢንተርኔት መላክ አትችልም። ታዳጊ አገር በራሱ አቅም የገነነበት ዘርፍም ቢሆን ከስምምነቱ ብዙ አላገኘም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሌጎስ ወደ ጓንዡ የሚሄድ ነጋዴን በቦሌ ሲያሸጋግር የሚሸጠው ትኬት የአገልግሎት ኤክስፖርት ነው፤ የበረራ መብት ግን ከስምምነቱ ውጭ ስለተተወ አየር መንገዱ የሚበርባቸው መስመሮች የሚከፈቱት በዋናነት መንግሥታት ሁለት ለሁለት ተደራድረው ነው።