ያለእጅ ማነጋገሪያ፦ እጅን ወደ መሪው የሚመልስ ዕቃ

ከኮምቦልቻ ወርዶ ሐርቡን ያለፈ ሚኒባስ የጨፋን ሜዳ ይዞ ወደ ከሚሴ ሲገሰግስ መንገዱ ይቃናል፣ ሹፌሩም ዘና ይላል። ስልክ ለማንሳት የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ፣ ይኸው ሜዳ በበጋ ወራት ከአፋርም ከዙሪያው ቆላም ለሣርና ለውኃ የሚመጡ ከብቶችና ግመሎች መሰብሰቢያ መሆኑ ነው። ቦርከና የሚያርሰው ረግረግ አካባቢው ሁሉ ሲደርቅ እንኳ ልምላሜ አያጣም። መንጋ ደግሞ አስፋልት የሚያቋርጠው ግራ ቀኝ አይቶ አይደለም። አንድ እጁን ለስልክ የሰጠ ሹፌር በቀረው እጁ መሪውንም ይይዛል፣ ማርሽም ይቀንሳል፣ ክላክስም ይነካል። ዛሬ የምናስተዋውቀው ቃል ይህን ችግር በከፊል ለማቃለል የተሠራ ዕቃ ስም ነው። በከፊል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ዕቃው ገበያ ላይ «ሃንድስፍሪ» ይባላል። ብዙ ሰው ደግሞ «ብሉቱዝ» ብቻ ብሎ ይጠራዋል፤ ጆሮ ላይ የሚሰካውንም፣ ከቴፑ ጋር የሚገጠመውንም፣ ዘፈን ብቻ የሚያጫውተውንም በአንድ ስም። መደበላለቁ ገንዘብ ያስከፍላል። ስልክ ላነጋግርበት ብሎ ገበያ የወጣ ሰው ማይክ የሌለው የዘፈን መቀበያ ገዝቶ ይመለሳል። ብሉቱዝ የግንኙነቱ እንጂ የዕቃው ስም አይደለም። ስልክንና ሌላን መሣሪያ እስከ አሥር ሜትር ባለ ርቀት ያለ ገመድ የሚያጣምር የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ መጠሪያውን ያገኘው በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርክን ከገዛው ንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ስም ነው። በዚህ ሞገድ ላይ ዘፈን የሚሄድበት መንገድና የስልክ ንግግር የሚሄድበት መንገድ ይለያያሉ። አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

እኔ የምመርጠው የአማርኛ ስም «ያለእጅ ማነጋገሪያ» የሚለውን ነው። አንዳንዶች «ከእጅ ነፃ» ይሉታል፤ «ነፃ» ግን በአማርኛ ብዙ ነገር ይሸከማል። ነፃ የተባለ ሰው ከጥፋትም ከተጠያቂነትም የወጣ ነው፣ ይህን ዕቃ ያስገጠመ ሹፌር ደግሞ ከአደጋ ነፃ አልወጣም። «ገመድ አልባ» ለምደናልና «እጅ አልባ» እንበል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ያ ግን የሰውን አካል መጉደል ስለሚያስታውስ ለዕቃ ስምነት አይሆንም። «ያለእጅ» የሚለው የሚሠራውን ሳያጋንን ይናገራል። በተለይ ስልኩ ራሱ «የእጅ ስልክ» በሚባልበት አገር። ከሚሴ ውስጥ በሚነገረው በኦሮምኛም ሞባይል «ቢልቢላ ሃርካ» ነው፤ ሃርካ ማለት እጅ ነው። ስለዚህ «መኪናው ያለእጅ ማነጋገሪያ ተገጥሞለታል» ይባላል፣ «ያለእጅ አነጋገረኝ» ይባላል። ከፋብሪካ አብሮ የመጣውን ባለቤቱ ኋላ ገዝቶ ካስገጠመው ለመለየት ሲፈለግ ሁለተኛውን «ተገጣሚ» ማለት ይበቃል።

ስልክን ላውድ አድርጎ ጭን ላይ ማስቀመጥ በዚህ ስም አይጠራም። ስልኩ በመጀመሪያው ጉድጓድ ወደ ፔዳሎቹ ይንሸራተታል፣ የሹፌሩም ዓይን አብሮ ይወርዳል።

ተገጣሚዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ሲጋራ መለኮሻው ላይ በሚሰካው የኤፍኤም ማስተላለፊያ ነው። ስልኩ በብሉቱዝ ከእሱ ጋር ይጣመራል፤ እሱ ድምፁን በኤፍኤም ሞገድ ይረጨዋል፤ የመኪናው ሬዲዮ እንደ ማንኛውም ጣቢያ ይቀበለዋል። ለመግጠም ባለሙያ አይፈልግም። ከጃፓን በመጣ መኪና ላይ ግን ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። የጃፓን ሬዲዮ የኤፍኤም ክልሉ ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፤ የእኛ ጣቢያዎች ግን በብዛት ከዚያ በላይ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ሸገር 102.1፣ ፋና 98.1 መሆናቸውን ያስታውሷል። ማስተላለፊያውም የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ ባልተቀየረ የጃፓን ሬዲዮ ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ክልል ብቻ ነው። ማስተላለፊያውን 100 ላይ አድርጎ «አልሠራም፣ ተበላሽቷል» ብሎ የጣለ ሰው 88.3 ወይም 89.1 ላይ ቢሞክረው ይሠራለት ነበር።

ቋሚው ተገጣሚ ሌላ ነው። ትንሽ ሣጥን ዳሽቦርዱ ውስጥ ይደበቃል፣ ማይኩ ወደ ላይ ይወጣል፣ መቆጣጠሪያው ከመሪው አጠገብ ይቀመጣል። ሣጥኑ በቴፑና በስፒከሮቹ መካከል ይገባል፤ ስልክ ሲጠራ የቴፑን ድምፅ ቆርጦ ንግግሩን በፊት ስፒከር ያወጣል፣ ሲዘጋ ዘፈኑን ይመልሳል። የፈረንሳዩ ፓሮት ኩባንያ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነበር። ከቆዩት ሞዴሎቹ አንዱ፣ ሲኬ3000 የሚባለው፣ አንድ መልካም ባሕርይ አለው፦ የሚደወልለትን ሰው ስም ባለቤቱ በራሱ ድምፅ ይቀዳበታል፣ ኋላም ያንኑ ስም ሲጠራ ይደውልለታል። የሚያመሳስለው ድምፅን ከድምፅ ስለሆነ ቋንቋ አይመርጥም። በአማርኛም በኦሮምኛም በአርጎብኛም ይሠራል። ቋንቋ እናውቃለን ከሚሉት ከብዙዎቹ አዳዲስ ዕቃዎች ይልቅ ለከሚሴ ሰው የሚቀርበው ይህ አሮጌ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ገጠማው። ኤሌክትሪሺያኑ ቴፑን ሲያወጣ ከኋላው የገመድ እሽግ ይመጣል። ለእኛ ጉዳይ ሦስቱ ዋና ናቸው፦ ቁልፍ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ የማይጠፋበት፣ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚያገኘውና ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ማሳ። በብዙ ተገጣሚ ቴፖች የመጀመሪያው ቢጫ፣ ሁለተኛው ቀይ፣ ማሳው ጥቁር ነው። በፓሮት ገመድ ግን ቀዩ የማይጠፋው ነው፣ በቁልፍ የሚመጣው ብርቱካናማ ነው፣ ቢጫው ደግሞ ቴፑን ዝም ለማሰኘት ብቻ የሚያገለግል ነው። ቀይን ከቀይ፣ ቢጫን ከቢጫ ያገናኘ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል ማለት ነው። ስለዚህ ቀለም አይታመንም፤ በቴስተር መለካት ይቀድማል። ቁልፍ ተዘግቶ 12 ቮልት የሚያሳየው ገመድ የማይጠፋው ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚነቃው ሁለተኛው ነው። ተገላብጠው ከተገናኙ መኪናው ቆሞም ሣጥኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ያድራል፣ ጠዋት ሞተሪኖው ይንገታገታል፣ ጥፋቱ ግን በባትሪው ይመካኛል።

12 ቮልት ያልኩት ለቤት መኪና፣ ለሃይሉክስና ለሚኒባስ ነው። በከሚሴ መሐል የሚያልፉት ሲኖትራኮችና ትልልቅ አይሱዙዎች ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ለ12 የተሠራ ሣጥን እዚያ ላይ ሲገጠም በቅጽበት ይቃጠላል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ አንዳንዴ አቋራጭ ይመርጣል፦ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ገመድ ያወጣል። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሠራል። ውሎ አድሮ ግን አንደኛው ባትሪ ይጎድላል፣ ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላ ያልተነካው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር መሐል ማስገባት ወጪ አለው፣ ግን ከጥንድ የከባድ መኪና ባትሪ ጋር አይወዳደርም። በማይጠፋው ገመድ ላይ ደግሞ አብሮ የመጣው ፊውዝ ሳይገባ አይቅር። ገመድን በጥርስ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ ናስትሮ ጠቅልሎ መተው በቆላ ሙቀት አያዋጣም፤ የናስትሮው ሙጫ ይቀልጣል፣ ጫፉ ይላቀቃል፣ ባዶው ሽቦ የዳሽቦርዱን ብረት ይነካል።

ሙቀቱ ማይኩንም ይመለከታል። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በብዙዎቹ መኪኖች ቀዝቃዛ አየር የሚገኘው መስኮት ሲከፈት ነው። ማይክ በር አጠገብ ከተገጠመ የደዋዩ ጆሮ የሚሞላው ነፋስ ነው። ጥሩው ቦታ ከውስጠኛው ስፖኪዮ አጠገብ፣ ወደ ሹፌሩ አፍ ዞሮ ነው። ከስፒከሩም መራቅ አለበት፤ ሲቀራረቡ ደዋዩ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል። ሣጥኑ ያን ማሚቶ የሚያጣራበት መላ ቢኖረውም ስፒከሩ ሥር ለተቀመጠ ማይክ አቅም የለውም። በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ማይክ በግንቦት ፀሐይ ይወድቃልና በጣሪያው ሽፋን ጠርዝ ሥር አስገብቶ መቆንጠጥ ይሻላል። ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ግን የማይኩ ገመድ በኤርባጉ ሽፋን ላይ ወይም በፊት መስታወቱ ምሰሶ ውስጥ በተጣጠፈው ኤርባግ ፊት እንዳያልፍ፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት።

እንግዲህ ሁሉም በደንብ ተገጠመ እንበል። በከፊል ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የቶሮንቶ ጥናት የእጅ ስልክ ያላቸውንና ግጭት የደረሰባቸውን 699 ሹፌሮች የስልክ መዝገብ መረመረ። ስልክ በሚያነጋግሩበት ጊዜ የመጋጨት ዕድላቸው አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፐርዝ ላይ፣ በግጭት ተጎድተው ሆስፒታል በገቡ 456 ሹፌሮች ላይ የተሠራውም ወደዚያው ቁጥር ደረሰ። ሁለቱም ያለእጅ የሚያነጋግሩትን ለይተው አይተዋል፤ ከሌሎቹ የተሻለ ደህንነት አላገኙባቸውም። ምክንያቱ እጅ ብቻ አይደለም። ሐሳብ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ዓይን መንገዱን እያየ አያይም። አጠገብ የተቀመጠ ረዳት ግመሉን ሲያይ ወሬውን አቋርጦ «ኧረ ተው!» ይላል። ስልክ ውስጥ ያለው ሰው ግን ግመሉን አያይም፤ ሹፌሩ ዝም ሲል «ትሰማኛለህ?» ነው የሚለው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ስልክ በሰላምታ ነው የሚጀምረው። «አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ጅርታ? ፈያ? ነጋ? ቤቱስ? ልጆቹስ? ከብቱስ?» ይህ ሳይዘለቅ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው፣ ነውርነቱም እንዲቀር አልፈልግም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግን በአንድ ደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ይጨርሳል። ግማሽ ደቂቃ የፈጀ ሰላምታ 500 ሜትር መንገድ ነው፤ በገበያ ቀን፣ እሑድ በሰንበቴ ወይም ሰኞ በባቲ፣ በዚያ ርቀት ውስጥ አህያም ሕፃንም ይገባል። ስለዚህ ያለእጅ ማነጋገሪያ ላለው ሹፌር የምመክረው አንድ አረፍተ ነገር ነው፦ «መሪ ላይ ነኝ፣ ስደርስ እደውላለሁ።» ዕቃው ከምንም በላይ የሚጠቅመው ይህችን ለመናገር ነው። ስልክ ሳይነሳ ሲቀር ደዋዩ መላልሶ ይደውላል፣ ሹፌሩም ይረበሻል። በአንድ ቁልፍ ነካ አድርጎ ይህን መናገር ሁለቱንም ያሳርፋል።

ሕጉም አለ። ገና በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 ስልክ በእጅ ይዞ እያነጋገሩ ማሽከርከርን ከሚያስቀጡ ጥፋቶች ቆጥሮት ነበር። ቅጣቱን ለመሸሽ ብቻ ዕቃውን የሚያስገጥም አለ፤ እሱም ቢሆን ሁለቱ እጆቹ መሪው ላይ መሆናቸው ከምንም ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀረው ባጃጅ ነው፤ ከሚሴ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጓዘው በሱ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። የባጃጅ ሹፌር ፍሪሲዮኑና ማርሹ በግራ እጁ፣ ነዳጁ በቀኝ እጁ ነው። ለስልክ የሚተርፍ እጅ የለውም። ስልኩን በትከሻና በጆሮ ቆንጥጦ አንገቱን ያጋደለ ሹፌር በአንድ ወገን ያለውን መንገድ አያይም። ጎኑ ክፍት፣ ሞተሩ ከኋላው የሚጮህ በመሆኑ እዚህ በጻፍኩት መንገድ የሚገጠም ማይክና ስፒከር አይሰማበትም። ጆሮ ላይ የሚሰካውም የኋላውን ክላክስ ይሸፍንበታል። ለባጃጅ ዳር ይዞ መቆም ብቻ ነው ያለው፤ ለማቆም ደግሞ እንደ ባጃጅ የሚቀል የለም፣ ተሳፋሪውም ለግማሽ ደቂቃ አይቆጣም።