ሰውን ማመን ቀብሮ ከሆነ፣ ቀባሪውን ማን አመነው?

በአዲስ አበባ የሰው ልጅ ጠባይ ክርክሩ የማያልቅ ጉዳይ ነው። አንዱ ወገን «ሰው ጠፋ፣ ዘመኑ ከፋ» ይላል፤ መተዛዘን ቀርቷል፣ ደግ መስሎ የሚታየውም ጥቅሙን ያሰላ ነው ባይ ነው። ሌላው ሕዝባችን ርኅሩኅ ነው፣ መከራ ሲመጣ ማን እንደሚደርስ ይታያል ብሎ ይመልስለታል። በቡና ላይም ሆነ በስልክ ክርክሩ የሚካሄደው ባብዛኛው በገጠመኝ ነው፤ አንዱ ስለ ከዳው ወዳጅ፣ ሌላው ስለ ደረሰለት ባዳ ያወራል። ሁለቱም እውነት ስለሚናገሩ ማንም አይረታም። ከገጠመኝ የተሻለ ማስረጃ ያለው በየሰፈሩ ታሪክ ውስጥ ነው። ከሳር ቤት ወረድ ብሎ በመካኒሳና በድሮው አየር ማረፊያ አካባቢ ያለውን ብስራተ ገብርኤልን እንውሰድ። የተንጣለለ ግቢ ያለው ቪላ፣ የኪራይ ቤትና አዲስ ፎቅ የተጎራበቱበት፣ የነዋሪው ኑሮም እንደ ቤቱ የተራራቀበት ሰፈር ነው። ሆኖም ሞት ሲመጣ፣ በባለ ቪላውም በተከራዩም በር ላይ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ይህን የሚያደርገው እድር ነው። የእድር ታሪክ በደንብ ሲታይ ሁለቱንም ተከራካሪዎች ያርማል፤ እድር የተዋቀረው ሰውን በመጠርጠር ነው፣ ያተረፈው ግን መተማመንን ነው።

ተጠራጣሪው ወገን ደካማ ምስክር ይዞ አይደለም የሚከራከረው። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚል ሕዝብ ስለ ጎረቤቱ የዋህ ግምት አለው ማለት ይከብዳል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ ከዚህ አባባል የራቀ ነገር አልጻፈም። በእሱ ትንታኔ የአማራው ገበሬ ስለ ሰው ጠባይ ያለው ግምት ዝቅተኛ ነው፤ ሰው በጾም፣ በሥልጣንና በቅጣት ካልተገራ ጠበኛ ነው፣ አይታመንምም። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍም ግለኝነት ኅብረትን ምን ያህል እንደሚፈታተን ይመረምራል። ነገር ግን ከሌቪን መጽሐፍ 7 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ልማዶች ጽፈው ነበር። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። እርስ በርሱ አይተማመንም የተባለው ሕዝብ በዚያው ዘመን በእቁብና በእድር ገንዘቡን ለጎረቤቱ እያስረከበ ነበር። ሌቪን የገለጸው ጥርጣሬም፣ በመጽሔቱ የተዘገበው መዋጮም እውነት ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ እንዴት አብረው አደሩ?

መልሱ ያለው እድር በተወለደበት ሁኔታ ውስጥ ነው። በገጠር ሟችን የሚቀብረው ዘመድና አጥቢያ ነው፤ መቃብር የሚቆፍረው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድረው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ደንብ መጻፍ አያስፈልግም። ወደ ከተማ የፈለሰ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ይመጣል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ቋንቋው፣ ሃይማኖቱና አገር ቤቱ የተለያየ ሰው ተጎራብቶባታል። ስለ እድር አጀማመር ተመራማሪዎች አንድ ቃል የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ከጉራጌ አገር ለሥራና ለንግድ ከመጡ ሰዎች ጋር ያያይዙታል፣ ሌሎች ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተስፋፋ ይላሉ። የወረራው ዘመን የቀብርን ጉዳይ እንዴት አንገብጋቢ እንዳደረገው ለመገመት ግን አያስቸግርም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ብዙ ሟች ያለ ፍትሐትና ያለ አልቃሽ ቀርቷል። ወራሪው ከተማዋን በዘር ለመክፈል ሲነሣም የአገሬው ሰው ከለመደው ቀዬ ወደ አዲሱ ገበያ አካባቢ ተገፍቷል። ከነጻነት በኋላ ከተማዋ ስትሰፋ እድሩም ተከትሏት ሰፋ፤ የሠፈር፣ የመሥሪያ ቤት፣ የሴቶች፣ የአገር ልጅ እየተባለ በዓይነት በዓይነቱ ተቋቋመ። ስለዚህ እድርን የወለደው የቆየ ወዳጅነት አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች ሞት ብቻቸውን እንዳያገኛቸው ፈርተው የተዋዋሉት ውል ነው።

ውሉ የማያውቁትን ሰው ለማመን የተጻፈ በመሆኑ ጠባዩ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። የእድር ሕገ ደንብ ስለ ፍቅር እምብዛም አይናገርም፤ ቅጣትን ግን ይዘረዝራል። መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል፣ የደጋገመ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ባሰበትም ይሰረዛል። በቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ምክንያቱን ያስረዳል ወይም ይከፍላል። ጸሐፊው ገንዘብ አይዝም፣ ገንዘብ ያዡ ብቻውን አያወጣም፣ ዳኛው ያለ ጉባኤ አይወስንም፣ ሒሳቡንም ሌላ ተቆጣጣሪ ያየዋል። አዲስ ገቢ በድንኳኑ፣ በወንበሩ፣ በድስቱና በተጠራቀመው ገንዘብ ላይ ያለው ድርሻ ተሰልቶ መግቢያ ይከፍላል። ሞት ደጃፉ ሲደርስ ተሯሩጦ እንዳይገባም የመጠበቂያ ጊዜ የሚያስቀምጡ አሉ። ለወላጅ፣ ለልጅና ለትዳር ጓደኛ የሚከፈለው ቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ በለቅሶው ቀን ክርክር የለም። የተሰበረ ሰሃን ሳይቀር ተቆጥሮ ይተካል። እነዚህን አንቀጾች ያረቀቀ ሰው ሰነፍን፣ አጭበርባሪንና ቀማኛን በዓይነ ሕሊናው እያየ ነው የጻፈው። ሆኖም በዚያ ሁሉ ጥርጣሬ የተጠበቀው ገንዘብ የሚውለው ለአንድ ነገር ነው፤ ጡሩንባ ሲነፋ ማንም ቢሆን፣ የተወደደም የተጠላም ጎረቤት፣ በወግ ይቀበራል። ክርስቲያንና ሙስሊም በተደባለቀበት እድርም የሁለቱ ድስት ለየብቻ ይጣዳል፤ መዋጮው ግን አንድ ነው።

ይህ የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ከሮም በስተደቡብ በምትገኘው በላኑቪየም እ.ኤ.አ. በ133 የተቋቋመ አንድ የቀብር ማኅበር ደንቡን በድንጋይ አስቀርጾ ትቷል። መግቢያው 100 ሴስተርስና አንድ ማሰሮ ጥሩ ወይን ነበር፣ በየወሩ 5 አስ ይከፈላል፣ አባል ሲሞት ለቀብሩ 300 ሴስተርስ ይወጣል። በግብዣ ላይ ጠብ ለመጫር ከቦታው የተነሣ 4፣ ጓደኛውን የሰደበ 12፣ የማኅበሩን አለቃ የሰደበ 20 ሴስተርስ ይቀጣል። ባርያዎች ጭምር አባል የሆኑበት የዚህ ማኅበር ደንብ አዲስ አበባ ላይ ቢነበብ ከዋናው ነገር ለእድርተኛ እንግዳ የሚሆንበት ጥቂት ነው። በዘመናችን ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ኢኮኖሚክስ ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም በልዩ ልዩ አገሮች ግጦሽ፣ መስኖና ደን ለረጅም ጊዜ በጋራ ጠብቀው የኖሩ ማኅበረሰቦችን አጥንታ የጋራ መለያቸውን አውጥታለች። ማን አባል እንደሆነ የታወቀ ነው፣ ደንቡን ባለቤቶቹ ያወጣሉ፣ ተቆጣጣሪው ለአባላቱ ተጠሪ ነው፣ ቅጣቱ ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳል፣ ጠብም በቅርብና በርካሽ ይዳኛል። እድር ከእነዚህ ነጥቦች ሁሉ ጋር ይገጥማል። ኦስትሮም ያጠናቻቸው ገበሬዎች ከሌላው ሰው የተሻለ ልብ አልነበራቸውም፤ የተሻለ ደንብ ነበራቸው።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪው መልስ አለው። ይህ ሁሉ ለራስ ከማሰብ ያለፈ አይደለም፣ ሰው የሚቀብረው ነገ እንዲቀበር ነው፣ ስለዚህ እድር ኢንሹራንስ እንጂ በጎነት አይደለም ይላል። የእድርተኛው መፈክር «ነግ በኔ» መሆኑ ለዚህ ክስ ይመቻል። ነገር ግን ክሱ ከጥቅም የተነሣ ሥራ ሁሉ ከበጎነት ውጭ ነው ብሎ አስቀድሞ ይፈርዳል። ኢንሹራንስ ገንዘብ ይከፍላል፤ ሦስት ቀን መጥቶ አይቀመጥም፣ ሬሳ አይሸከምም፣ ሐዘንተኛውን እንዲበላ አይለምንም። በቅጣት ፍርሃት ለቀብር የወጣ ሰው ከሐዘንተኛው ፊት ሲቆም ቅጣቱን አስቦ አያለቅስም። ደንቡ እግሩን ያመጣዋል፤ ልቡ እዚያ ከደረሰ በኋላ ይከተላል። «ነግ በኔ»ም ቢሆን ራስን ብቻ የማሰብ ቃል ሆኖ አይቀርም፤ የጎረቤቴ ዕጣ የኔም ዕጣ ነው ብሎ የሚያምን ሰው የራሱንና የሌላውን ጥቅም የሚለየውን አጥር ዝቅ አድርጎታል። ንጹሕ ደግነት እስኪገኝ የሚጠብቅ ሰፈር ሟቹን ያለ ቀባሪ ያስቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። እድር የሚያዝነው ለከፈለ ብቻ ነው፤ መግቢያው የማይቻለው ድኻ፣ ቤት በየጊዜው የሚቀይር ተከራይ፣ ሰው ቤት ያለች ሠራተኛ ከድንኳኑ ውጭ ይቀራሉ። በብዙ እድሮችም ስሙ የተመዘገበው ባል ሲሆን የድስቱ ሥራ የሚስት ነው። ይህ እውነት ነው፣ መካድም አይገባም። ግን ታሪኩ ጉድለቱ ሊታረም እንደሚችልም ያሳያል። ሴቶች የራሳቸውን እድር አቋቁመው የራሳቸውን ዳኛና ገንዘብ ያዥ መርጠዋል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ከወረሰና ቀበሌ የሰፈሩን ጉዳይ ከጠቀለለ በኋላ እድር ወደ ቀብር ሥራው ተወስኖ ኖረ፤ ኤች አይ ቪ ኤድስ ከተማዋን በጎዳበት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ግን ከዚያ ወጣ። ሞት በተደጋገመ ቁጥር ካዝናቸው የተራቆተ እድሮች፣ ሰውን ሞቶ ከመርዳት ቆሞ ሳለ መርዳት ይሻላል ብለው ደንባቸውን አሻሻሉ፤ ለታማሚዎችና ወላጅ ለሞተባቸው ልጆች መድረስ ጀመሩ። ይህን ለውጥ ያመጣው ስለ ሰው ደግነት የተደረገ ስብከት አይደለም። ሒሳብ ያየ ጉባኤ እጅ አውጥቶ ያጸደቀው ማሻሻያ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጊዜው ነው፤ እድር እየሞተ ነው ይባላል። ገንዘብ ያለው ምግቡንም ወንበሩንም በኪራይ ያመጣል፣ ጡሩንባውን ስልክ ተክቶታል፣ የከተማው መልሶ ማልማትም ነባር ጎረቤትን ይበትናል። ብስራተ ገብርኤል ባለበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጀሞ ኮንዶሚኒየም ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከየሰፈሩ በዕጣ የመጡ፣ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ እንኳ የማይተዋወቁ ሰዎች በ2000ዎቹ ዓ.ም. ገቡበት፤ ድንኳን ለመትከል የማይመች ሕንፃ ውስጥ መሆናቸው እድር ከማቋቋም አላገዳቸውም። የቀድሞ ሰፈራቸውን መዋጮ ሳያቋርጡ አዲሱን የጨመሩም አሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ያቋቋሙት ይህንኑ ነው። ይህ የሚያስገርም መሆን የለበትም፤ እድር መጀመሪያም የተፈጠረው ለማይተዋወቁ ሰዎች ነበር። የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ በስልክ የሚደረግ የዕርዳታ ጥሪ በአንድ ቀን ብዙ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ሆኖም የሰጠ ሰው ነገ የመስጠት ግዴታ የለበትም፣ የተቀበለውንም የሚመረምር ጉባኤ የለም። ስለዚህ አንድ ማጭበርበር ሲወጣ በጠቅላላው ተስፋ የሚቆርጠው ብዙ ነው። በዚያው መድረክ ስለ ሰው ክፋትና ደግነት የሚደረገው ክርክርም እንዲሁ ነው፤ የሰደበ አይቀጣም፣ ቃል የገባ አይጠየቅም።

ስለዚህ «ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው ሲጠየቅ ፍሬ የለውም። ያልተማመኑ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚተማመኑበትን መንገድ ሠርተዋል፤ መንገዱም የታወቀ አባልነት፣ ግልጽ ሒሳብ፣ ለዘብ ያለ ቅጣትና የማይቀር መዋጮ ነው። ተስፈኛው ይህን ትቶ በደግነት ብቻ ቢታመን የመጀመሪያው ሌባ ያፈርሰዋል። ተጠራጣሪውም ጥርጣሬውን ወደ ደንብ ካልቀየረው ለስንፍናው ሰበብ አገኘ እንጂ ጥበብ አላገኘም። እንግዲህ ሰው ክፉ ነው የሚል ክፋቱን የሚገታውን አንቀጽ ይዞ ጉባኤ ይምጣ፤ ሰው ደግ ነው የሚልም ሒሳቡ ሲመረመር አይክፋው።