ሚኒስትሮች በምክር ቤት ሲጠየቁ፦ የንግድ ቁጥጥር ጥያቄ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?

ረመዷን ሲቃረብ ስለ ዘይት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ዱቄትና ስለ ተምር ዋጋ የማይነጋገር ቤተሰብ የለም። «ተቆጣጣሪው የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ከመስጂድ ደጃፍ እስከ መርካቶ ሱቆች ይሰማል። ይህ ጥያቄ በሕግ ፊት ከሚቀርብባቸው ቦታዎች ዋነኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሚኒስትሮች እዚያ ቀርበው ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ነዳጅ ስርጭት፣ ስለ ባንክ ብድር ይጠየቃሉ። በቴሌቪዥን የሚታየው የሥነ ሥርዓቱ ጥቂት ክፍል ብቻ በመሆኑ ግን ብዙ ሰው «ተጠየቀ፣ መለሰ፣ አለቀ» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ የምናሳየው ጥያቄው መቼ ፍሬ እንደሚያፈራና መቼ በአየር ላይ እንደሚቀር ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው በአብዛኛው የጠያቂው ድፍረት ሳይሆን ጉዳዩ በየትኛው የሕግ ሰነድ ላይ እንዳለና ሰነዱን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ማወቁ ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጠየቅ ሥልጣኑ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራርም የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከዚህ ከፍ ያለ ነው። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ይወያያል፣ አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃም ይወስናል። ሚኒስትሮች ምክር ቤቱ ፊት የሚቀርቡት እንግዲህ በእንግድነት አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነቱ ለዚሁ ምክር ቤት መሆኑ በአንቀጽ 72 ተጽፏል።

ወረቀቱ ይህን ቢልም የመቀመጫ ቁጥሩን መርሳት አይገባም። በ2013ቱ ምርጫ መጀመሪያ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች ውስጥ ብልጽግና ፓርቲ 410 አሸንፏል። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ሚኒስትርን በድምፅ ብልጫ መጣል የሚታሰብ አይደለም። ለዚህም ነው በአደባባይ የሚቀርብ፣ በቃለ ጉባኤ የሚመዘገብ ጥያቄ ክብደት የሚኖረው። የገዢው ፓርቲ አባላትም ቢሆኑ የመራጩን ምሬት ይዘው የሚመጡበት ጊዜ አለ፤ በተለይ በኑሮ ውድነት ላይ።

የዓመቱ ዑደት

ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው፤ በመሃል የአንድ ወር ዕረፍት አለው። በመክፈቻው ፕሬዚዳንቱ የመንግሥትን የዓመት አቅጣጫ ያሰማሉ። ከዚያ አባላት በንግግሩ ላይ ይወያያሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም መልስ ይሰጣሉ። በዓመቱ ውስጥ ሚኒስቴሮች የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ያቀርባሉ፤ የዘጠኝ ወሩ ሪፖርት በብዛት በግንቦት ይሰማል። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ስለሚገባ በሰኔ የገንዘብ ሚኒስትሩ ስለ በጀትና ግብር ይጠየቃሉ።

ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው በቋሚ ኮሚቴዎች ነው። ሪፖርት የሚመረምሩት፣ መሥሪያ ቤቶችን በአካል የሚጎበኙት፣ የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዘው «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» የሚሉት እነሱ ናቸው። ካሜራ በብዛት በሌለበት በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ሚኒስትር ዴኤታና ዳይሬክተሮች ቁጥር ይዘው ስለሚመጡ መልሱ ብዙ ጊዜ ከአዳራሹ መልስ ይሻላል።

በአዳራሹ ያለው ልማድ አንድ ችግር አለው። በርካታ አባላት በተከታታይ ጥያቄ ያነሳሉ፣ ሚኒስትሩ ሁሉንም ይጽፋሉ፣ ከዚያ በአንድ ረጅም ንግግር ይመልሳሉ። አሥር ጥያቄ ተጠይቆ ሰባቱ ብቻ ቢመለስ የቀሩትን ሦስቱን የሚያስታውስ አድማጭ ጥቂት ነው። ተወካዩ ወዲያው ተነስቶ «የእኔ አልተመለሰም» የሚልበት ዕድልም ጠባብ ነው። ስለዚህ ቅርጽ የሌለው ጥያቄ ቅርጽ የሌለው መልስ ይወልዳል። «የኑሮ ውድነትን ለማረጋጋት ምን እየተሠራ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «በትኩረት እየተሠራ ነው» የሚል መልስ ቢመጣ ማን ይገረማል? «በአዋጁ ዋጋቸው ሊወሰን ይችላል የተባሉት መሠረታዊ ሸቀጦች ዝርዝር መቼ ይወጣል?» ብሎ የጠየቀ ግን ቀን ወይም «አይወጣም» የሚል መልስ ማግኘቱ አይቀርም።

«ይህ የክልል ሥልጣን ነው»

የንግድ ሚኒስትሮች ደጋግመው ከሚሰጧቸው መልሶች አንዱ ይህ ነው፤ ሁልጊዜም ማምለጫ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 የፌዴራሉ መንግሥት የሚቆጣጠረው የውጭ ንግድንና ክልሎችን የሚያገናኘውን ንግድ ነው። የመንደሩን ሱቅ መጋዘን የሚፈትሸው፣ የዋጋ ዝርዝር ተለጥፏል ወይ ብሎ የሚያየው፣ የሚያሽገው የክልል ወይም የከተማ ንግድ ቢሮ ነው። የደሴ ወይም የጅማ ነዋሪ ስለ ሰፈሩ ዳቦ መጠን ቅሬታ ካለው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ክልሉ ምክር ቤት ተወካዩ ነው። የአስመጪው ፈቃድ፣ የነዳጅ ችርቻሮ ዋጋ፣ የወጪ ንግድ ደንብ ከሆነ ግን ሚኒስትሩ «የእኔ አይደለም» ማለት አይችሉም።

በ2014 የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሲወጣ ሚኒስቴሩ «የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር» ተባለ። ራሱን ችሎ የነበረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣንም ሥራው ወደ ሚኒስቴሩ ተጠቃለለ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ከሚገባው ያነሰ ጥያቄ የተነሳበት ለውጥ ነው። ፈቃድ የሚሰጠውና ፈቃድ የተሰጠውን የሚከስሰው አካል በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ሸማቹ በማን ይተማመናል?

የዋጋ ጣሪያ

በምክር ቤት ደጋግሞ የሚነሳው «መንግሥት ዋጋ ይተምን» የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በ2003 መንግሥት ከአሥር በሚበልጡ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ሩዝ በዝርዝሩ ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ ሸቀጦቹ ከመደርደሪያ ጠፉ፣ ሰልፉ ረዘመ። በጥቂት ወራት ውስጥም አብዛኛው ጣሪያ ተነሳ። ከዚያ በኋላ በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በሩን አልዘጋውም፤ ሚኒስቴሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲፈቀድለት የመሠረታዊ ሸቀጦችን ዋጋ ሊወስን እንደሚችል ደንግጓል። በተጨማሪም እጥረት ያለበትን ሸቀጥ ማከማቸትን ከልክሏል፣ ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ አስገድዷል።

ይህ ክርክር ለሙስሊሙ አንባቢ አዲስ አይደለም። በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ እንዲተምኑላቸው ጠይቀዋቸው ማንንም በገንዘቡ መበደል ባለመፈለግ እንዳልተቀበሉ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። በሌላ በኩል ዋጋ እስኪወደድ ሸቀጥ መደበቅን፣ ማለትም ኢሕቲካርን፣ አጥብቀው አውግዘዋል። ኢብኑ ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፈው ሥራ ሁለቱን አስታርቆ ያያቸዋል። ዋጋው የተወደደው በአቅርቦት ማነስ ከሆነ ነጋዴውን ማስገደድ በደል ነው፤ ነጋዴው ሕዝቡ የሚያስፈልገውን ይዞ እያስጨነቀ ከሆነ ግን ባለሥልጣኑ በተገቢው ዋጋ እንዲሸጥ ሊያስገድደው ይችላል ይላል። ተወካይ ሚኒስትሩን መጠየቅ ያለበትም ይህንኑ ነው፦ አሁን ያለው የትኛው ነው? መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል ተገኘ? ወደብ ላይ ስንት ቀረ? ይህ ሳይታወቅ ሱቅ ማሸግ አንድ ቀን ዜና ይሆናል፣ በማግስቱ ዋጋው እዚያው ነው።

የወለድ አልባ ባንክ ትምህርት

ጉዳዩ በየትኛው ሰነድ ላይ እንዳለ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከወለድ አልባ ባንክ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። በ2000 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ከወለድ ነጻ ለሆነ አገልግሎት በር ከፍቶ ዝርዝሩን ለብሔራዊ ባንክ መመሪያ ተወው። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዋዜማ ባወጣው መመሪያ ግን የፈቀደው በመደበኛ ባንኮች ውስጥ መስኮት መክፈትን ብቻ ነበር። ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ሆኖ ለመቋቋም አክሲዮን ሲሸጥ የነበረው ዘምዘም ባንክ ምሥረታው የተቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው። አዋጁን የከለከለው ማንም አልነበረም፤ የከለከለው መመሪያ ነው። ወለድ ስለማይበሉ ብድር ያጡ ነጋዴዎች ለዓመታት ሥራቸውን በራሳቸው ቁጠባና በዘመድ ገንዘብ አንቀሳቀሱ።

በ2011 ረመዷን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሙሉ ወለድ አልባ ባንክ እንደሚፈቀድ አስታወቁ። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ወዲያው ተከተለ፣ የባንክ አዋጁም በቁጥር 1159/2011 ተሻሻለ። ዘምዘም በሰኔ 2013 ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ፣ ሸበሌ እና ራሚስ ተከተሉት። በእነዚያ ዓመታት ጥያቄው ለንግድ ሚኒስትሩ ቢቀርብ «የብሔራዊ ባንክ ነው» ከማለት በቀር ምንም አይሉም ነበር፤ ትክክልም ነበሩ።

ሌላም ነገር አለ። ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ መሆናቸው በአንቀጽ 11 ስለተጻፈ ጥያቄው «ሸሪዓ ይህን ያዛል» ተብሎ ሲቀርብ መልሱ አጭር ይሆናል። «ሚሊዮኖች ከባንክ ውጭ ናቸው፣ ቁጠባቸው ለኢኮኖሚው አይደርስም» ተብሎ ሲቀርብ ግን ሚኒስትሩ በፖሊሲ ቋንቋ መመለስ ይኖርባቸዋል።

አዋጅ ሳይሆን መመሪያ

ባለፉት ዓመታት የነጋዴውን ሕይወት የቀየሩ ትልልቅ ውሳኔዎች በአዋጅ መልክ ወደ ምክር ቤቱ አልመጡም። በ2016 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በመመሪያ ቁጥር 1001/2016 ለዜጎች ተከልሎ የኖረውን የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ለውጭ ባለሀብቶች ከፈተ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ፣ የምክር ቤቱ መደበኛ የሥራ ጊዜ ካለቀ በኋላ፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመመሪያ ደነገገ። በቀናት ውስጥ ሸቀጥ የደበቁና ዋጋ የጨመሩ ነጋዴዎች ሱቅ ሲታሸግ ሰነበተ። የውሳኔዎቹ ጥቅምና ጉዳት ሌላ ክርክር ነው። ተወካዮች ግን በእነዚህ ላይ ድምፅ አልሰጡም፤ የቀራቸው መሣሪያ ሚኒስትሩንና ገዢውን መጠየቅ ብቻ ነበር።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ለዜጋው የተተወ አንድ በር አለ፣ ብዙ ነጋዴም አያውቀውም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስታውቆ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳል። የጸደቀ መመሪያም ተመዝግቦ በድረ ገጽ ይፋ መሆን አለበት፤ ይህ ያልተደረገለት ተፈጻሚ አይሆንም። በመመሪያው የተጎዳ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲመረመርለት መጠየቅ ይችላል። አስተዳደራዊ በደል የደረሰበትም ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ወደሆነው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል።

እንግዲህ ተወካዩን ለማነጋገር የሚሄድ የነጋዴ ማኅበር ወይም የመስጂድ ጀመዓ ሦስት ነገር ይዞ ቢሄድ ጥያቄው አዳራሽ የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል፦ የሰነዱን ስምና ቁጥር፣ ያወጣውን መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁም በራሱ ሱቅ ወይም ሰፈር የደረሰውን ጉዳት በቀንና በብር። የንግድ ጉዳይ ከሆነ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ግልባጩ ቢደርሰው ይመረጣል። ከግንቦቱ ሪፖርት በፊት የደረሰ ደብዳቤ ሚኒስትሩ በሚጠየቁበት ቀን በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። በሐምሌ የደረሰ ግን እስከ መስከረም መጨረሻ መጠበቅ አለበት።