ከመግዛት በፊት የሞተሩን አነሳስ መጠየቅ

የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ፣ ሐረር የመጠጥ ውኃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ለማምጣት ተገዳለች። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። የጁገል ነዋሪ ጀሪካን ይዞ የሚጠብቀውን ውኃ ይህን ዳገት የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሞተር ደግሞ እጅግ የሚፈተነው ሲነሳ ነው።

የመነሻ ቶርክ የሚባለው ሞተሩ ከቆመበት ሲነሳ ዘንጉን የሚያዞርበት ኃይል ነው። ባለሦስት ፌዝ ሞተር በቀጥታ ከመስመር ጋር ሲገናኝ በሙሉ ጭነት ከሚስበው ከ5 እስከ 8 እጥፍ የሚደርስ አምፒር ይስባል። በስታር ዴልታ ሲነሳ ይህ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ቶርኩም አብሮ በሲሶ ይቀራል።

ፍሪኩዌንሲ የሚለዋውጠው ድራይቭ ግን ቮልቴጅንና ፍሪኩዌንሲን አብሮ ከዝቅታ እያሳደገ ያስነሳል። የ400 ቮልትና የ50 ሄርዝ ሞተር ለእያንዳንዱ ሄርዝ 8 ቮልት ያገኛል፤ በ5 ሄርዝ 40 ቮልት ማለት ነው። ከዚህች ጥቂት ቮልቴጅ ጥምጥሙ የሚያባክነው ድርሻ ከፍ ስለሚል ቶርኩ ይደክማል። ድራይቩ በመነሻው ላይ ቮልቴጅ የሚጨምረው፣ የተሻሉትም በቬክተር ቁጥጥር የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ሁሉም ሥራ ግን አንድ ዓይነት ቶርክ አይጠይቅም። የተለመደው ፓምፕ በግማሽ ፍጥነት የሚፈልገው ቶርክ ወደ ሩብ ስለሚወርድ አነሳሱ ቀላል ነው። እህል እንደያዘ የቆመ ወፍጮ ግን ገና ሲነሳ ሙሉ ጉልበት ይሻል። ለከባድ ጭነት የሚሸጥ ድራይቭ ብዙውን ጊዜ ለ1 ደቂቃ 150 በመቶ አምፒር ሲችል፣ የፓምፑ 110 በመቶ ገደማ ነው። በዳገት መስመር ላይ ደግሞ ፓምፑ የከፍታውን ጫና የሚያሸንፍበት ፍጥነት ላይ እስኪደርስ ውኃው ንቅንቅ አይልም፤ በዝግታ ብዙ ከቆየ ይሞቃል። ስለዚህ እስከዚያ ፍጥነት ቶሎ፣ ከዚያ በኋላ ቧንቧው እንዳይመታ ቀስ እያለ መጨመር ይገባዋል።

ብዙ ገዢ ግን የሚጽፈው የፈረስ ጉልበትና ዋጋ ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል። የጭነቱ ዓይነት፣ የመነሻ ቶርኩና የሚቆይበት ሰከንድ በውሉ ካልሰፈሩ፣ ሞተሩ አልነሳም ብሎ ሻጩን መሞገት አስቸጋሪ ነው። ያን ጊዜ ኪሳራው ጀሪካን ይዞ ለሚጠብቀው ሰው ይተርፋል።